ምንም አያስፈልገኝም

ሴፕቴምበር 18፣ ረቡዕ

መምህር የነበረው አባቴ፣ «ሰው በቀን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሸፋፍን የሚናገርበት ስፍራ ያስፈልገዋል» ይል ነበር። ቤተ ክርስቲያኔ ያ ስፍራ መሆኗን ካቆመች ቆይታለች፤ ሁሉን የምነግራት ክሌዮም ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። እንግዲህ ይህ ደብተር ይሁን።

በስተሰሜን ያለው ጫካ መቃጠል ጀምሯል። ጢሱ ገና አልደረሰብንም፤ ወሬው ግን ደርሷል። የመብራት ኩባንያው፣ ደረቁ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሽቦዎቹ እሳት እንዳያስነሡ ኃይል እንደሚያቋርጥ አስታውቋል። ለብዙው የኦክላንድ ሰው ይህ የማቀዝቀዣ ጉዳይ ነው፤ ለእኛ፣ እርስ በርስ ለምንረዳዳ የሕሙማንና የአካል ጉዳተኞች ማኅበርተኞች፣ የትንፋሽ ጉዳይ ነው።

ዛሬ ማታ እንደ ወትሮው ቴኦ ቤት ተሰበሰብን። የእርሱ ቤት ምድር ላይ ስለ ሆነ ደረጃ የለውም፤ እኔ የምኖረው በቀጥታ ከእርሱ ጣሪያ በላይ ነው። ቴኦ ገና ወጣት ነው። ጡንቻው ከልጅነቱ ጀምሮ እየከዳው፣ ዛሬ የሚታዘዙለት ሁለት ጣቶቹና ምላሱ ብቻ ናቸው፤ ምላሱ ግን የስድስት ሰው ሥራ ይሠራል። ቀን ከሌት የሚተነፍሰው በመሣሪያና በቱቦ ነው። ከፊሊፒንስ የመጡት ወላጆቹ ሴት ልጅ ብለው አሳደጉት፤ ወንድ መሆኑን የነገራቸው እርሱ ራሱ ነው። እኔን በእነርሱ ቋንቋ «ሎላ» ይለኛል፤ አያቴ ማለት ነው። አልፈቀድሁለትም፤ አልከለከልሁትምም።

ስብሰባው የሚጀመረው በዙር ነው። እያንዳንዱ በተራው ሁለት ነገር ይናገራል፦ የሚያስፈልገኝ ይህ ነው፤ የምችለው ይህ ነው። አንድ ሕግም አለ፦ ሰው ስለ ገዛ አካሉ የተናገረው ይታመናል። ማንም ማስረጃ አይጠይቀውም፤ ማንም አይመረምረውም። ሁላችንም በሐኪምና በጸሐፊ ፊት «እውን ታምማለህን?» እየተባልን የኖርን፣ በቆዳችንም በፍቅራችንም የተነቀፍን ሰዎች ነንና ይህን ሕግ እጅግ አከብረዋለሁ። ቃል እንደ ቃል የሚቆጠርበት ሌላ ቤት አላየሁም።

ዙሩን የምታስኬደው ዛኪያ ናት፤ የደም ሕመም ያለባት፣ ሲነሣባት አጥንቷን በመዶሻ እንደሚመቱት የምትናገር፣ ነገር ግን ድምፅዋ የማይንቀጠቀጥ ጥቁር ሴት።

«ሚስ ቬርኔል፣ ተራዎ ነው።»

«ምንም አያስፈልገኝም» አልሁ። «የምችለው፦ ለጽሕፈት ቤቶች ደብዳቤ መጻፍ።»

«እኔና ሎላ ብንጋባ እኮ ነገሩ ይስተካከላል» አለ ቴኦ። «እኔ ሁሉም ያስፈልገኛል፣ እሷ ምንም።»

«አንተን ከማግባት ፖሊዮ ዳግመኛ ቢይዘኝ ይሻለኛል።»

ሳቁ። ፖሊዮው በአራት ዓመቴ እግሬን ወሰደ፤ ደረቴን ደግሞ አላልቶ ተወው። ስለዚህ ሌሊት ሌሊት ጭንብል ባለው መሣሪያ እተነፍሳለሁ። ሐኪሙ ቀንም እንድጠቀምበት መክሮኛል። ሐኪሙ ልጅ ነው።

ሴፕቴምበር 24፣ ማክሰኞ

ጢሱ ደረሰ። ፀሐይዋ እንደ ዝገት ቀልታለች። ጠዋት ስነሣ ራሴ በብረት ቆብ የተጨመቀ ያህል ያመኛል። ጢሱ ነው።

እንደ ልማዴ በምርኩዜ ወለሉን መታሁ፤ ቴኦም ከታች በዊልቸሩ ጥሩምባ መለሰ። ይህን ሥርዓት የጀመርሁት እስከ ረፋድ የሚተኛ ወጣት ለመቀስቀስ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ስንፍና በሽታ አይደለምና ማንም መድኃኒት አያዝለትም።

ከቁርስ በኋላ መዝሙረ ዳዊት ሳነብብ ጥቂት አሸለበኝ። ዓይኔን ስገልጥ ብርሃኑ ወደ ሌላኛው ግድግዳ ተሻግሯል። ጢሱ ነው።

ሴፕቴምበር 28፣ ቅዳሜ

የሌሊቱ መሣሪያዬ የራሱ መጠባበቂያ ባትሪ አለው። ዛሬ ሶኬቱን ነቅዬ ሞከርሁት። ጮኸ፤ ከዚያም ዝም አለ። መልሼ ሰካሁት።

ለማንም መናገር የሚያሻ አይመስለኝም። የሚጠፋው የኮረብታው መብራት ነው ይላሉ፤ እኛ ቆላው ላይ ነን።

ኦክቶበር 2፣ ረቡዕ

በዙሩ ላይ ስለ ባትሪዎቹ ተነጋገርን። ማኅበሩ ከወዳጆች አዋጥቶ የገዛቸው፣ እንደ ሻንጣ የሚከብዱ ትልልቅ ባትሪዎች አሉን፤ ከሚያሻቸው ሰዎች ግን ያንሳሉ። መብራት ሲጠፋ በመኪናቸው የሚያዳርሱት ሶል ናቸው። ሶል ወንድም ሴትም ተብለው መጠራት አይሹምና ሁላችንም «እርስዎ» እንላቸዋለን። እኔን አላስቸገረኝም፤ ሰውን ማክበር ከሕፃንነቴ በአርጩሜ የተማርሁት ነው። ሲደክማቸው አንደበታቸው ይዘጋል፤ ያን ጊዜ በስልካቸው ይጽፋሉ፣ ስልኩም ያነብብላቸዋል።

«ሚስ ቬርኔል?»

«ምንም አያስፈልገኝም።»

ዛኪያ ብዕሯን እንደ ያዘች አየችኝ። «ምንም ብዬ ልጻፍ?»

«እንደ ተናገርሁት ጻፊ።»

የቴኦ ባትሪዎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይጠብቃል። አንዱን እኔ ብወስድ ከልጁ አፍ ትንፋሽ መንጠቅ ነው። ይህን ማንም ጨዋ ሰው አያደርገውም።

ስወጣ ሊፍቱ ዘገየብኝ። በሩ ክፍት ስለ ነበር ሳልፈልግ ሰማሁ።

«ሶል፣ የከንፈራቸውን ቀለም አዩት?» ይህ የዛኪያ ድምፅ ነው።

የስልኩ ድምፅ መለሰ፦ «አየሁ። ግን ምንም አያስፈልገኝም ብለዋል።»

«ብለዋል…»

«እንግዲህ ሕጉ ሕግ ነው።»

ስለ ከንፈር ምን ማለታቸው እንደ ሆነ አልገባኝም፤ ቀለም ከተቀባሁ ዘመን የለኝም። ሕጉን በማክበራቸው ግን ደስ አለኝ። ደስ ሊለኝ ይገባል።

ኦክቶበር 6፣ እሑድ

የወንድሜ ልጅ ሃርላን ከእሑድ አምልኮ በኋላ መጣ። ዲያቆን ነው፤ ሽቶው ከእርሱ ቀድሞ ደረጃውን ይወጣል። በማኅበራችን ሽቶ ክልክል ነው፤ የቴኦን ሳንባ ወዲያው ይዘጋዋል። እኔ እንኳ በዚህ ምክንያት የዘመን ልማዴን የጠጉር ቅባት ትቻለሁ፤ አጉረምርሜአለሁ፣ ግን ትቻለሁ። ሃርላን በቴኦ ደጅ ሲያልፍ ልጁ ሲስል ከላይ ይሰማኛል።

«አክስቴ፣ ያየሁት መጦሪያ ግሩም ቦታ ነው። ጸሎት ቤት አለው፣ አበባ አለው፣ ነርስ አለው።»

«እስር ቤትም ነርስ አለው።»

«ኧረ አክስቴ! አንቺ ደግሞ። ለብቻሽ ነሽ እኮ።»

«ብቻዬን አይደለሁም።»

«እነዚያን ማለትሽ ነው?» በአገጩ ወደ ወለሉ ጠቆመ። «እነሱ ራሳቸው ደጋፊ የሚሹ ናቸው። ማን ማንን ያነሣል?» ተነሥቶ ኮቱን ለበሰ። «የሚያስፈልግሽ ነገር አለ?»

«ምንም።»

ሲናገር አንድ ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር መሰለኝ። ስገልጠው ማንኪያው ከእጄ ወድቆ፣ ሃርላን ጎንበስ ብሎ ፊቴን ያያል። አስተያየቱን አልወደድሁትም። የክሌዮ ወንድሞችም እርሷን እንዲህ ያዩዋት ነበር።

ክሌዮና እኔ ሠላሳ ዓመት ኖርን፤ ወረቀት ሳይኖረን ትዳር ነበረን። ስትደክም ወንድሞቿ መጥተው ወደ መጦሪያ ወሰዷት። በደጁ ላይ «እንዳይጠፋ» ብለው ቀለበቷን አወለቁ። እኔን «ጎረቤት» ብለው መዘገቡኝ፤ ጎረቤት ደግሞ የሚገባው እሑድ ብቻ ነው። ክሌዮ ያረፈችው ሐሙስ ነው።

ወደዚያ ደጅ በእግሬም በሬሳዬም አልሄድም። ሃርላን የደከምሁ መሆኔን የሚያውቅበት አንዳች ምልክት አያገኝም። ዛኪያ ካወቀች እየዞረች የምትጎበኘን ነርስ ታውቃለች፤ ነርሷ ካወቀች ሃርላን ያውቃል። ስለዚህ ማንም አያውቅም።

ኦክቶበር 9፣ ረቡዕ

ነፋሱ ተነሥቷል። የእኛም ሰፈር ተጨመረ። መብራት ዛሬ ማታ ይጠፋል።

ዙሩ በስልክ፣ በችኮላ። ቴኦ ሁለቱን ባትሪዎች። የቀሩት ከሐይቁ ማዶ ላሉት ማኅበርተኞች። ሶል መንገድ ላይ። ዛኪያ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። ሁለት ጊዜ መለስሁ። ቃሌን የማጥፍ ሰው አይደለሁም።

ውኃ ሞላሁ። ሊፍቱ ሳይቆም ቆሻሻውን አወረድሁ። ግማሹ መንገድ ላይ ተበተነብኝ፤ ነፋሱ ነው።

በዚያው ሌሊት

ጠፍቷል። በእጅ ባትሪ ብርሃን እጽፋለሁ። ያለ መሣሪያው ጋደም ማለት አይሆንልኝምና በወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ አድራለሁ። አባቴ ወንበር ላይ መጠማዘዝን ይጠላ ነበር፤ ተግሣጹ በመጨረሻ ጠቀመኝ።

ጸጥታው ከባድ ነው። ይህን ጸጥታ አውቀዋለሁ። በሉዊዚያና፣ በሆስፒታሉ የጥቁሮች ክፍል፣ ከአንገቴ በታች ሙሉ በሙሉ «የብረት ሳንባ» በሚሉት የመተንፈሻ በርሜል ውስጥ ገብቼ ሳለሁ አንድ ማታ ማዕበል መጣ፤ መብራት ጠፋ። የብረቱ ሳንባ መተንፈሱን አቆመ። ያን ጊዜ ከጨለማው ውስጥ ሰዎች እየሮጡ መጡ። ከሥሩ ያለውን ወናፍ በእጃቸው ይገፉና ይስቡ ጀመር፤ አንዲት ነርስ፣ ወለል የምትጠርገው ሴት፣ የሌላ ልጅ እናት። አንዷ ስትደክም ሌላዋ ትተካለች። አንዷ፣ የትኛዋ እንደ ሆነች ዛሬም አላውቅም፣ ምቱ እንዳይዛነፍ የሥራ ዜማ ታዜም ነበር። እስኪነጋ ድረስ በማላውቃቸው ሴቶች ክንድ ተነፈስሁ።

ያን ጊዜ ሕፃን ነበርሁ። ሕፃንን መሸከም ነውር አይደለም።

ቴኦ ከታች ይስላል። መሣሪያው ሲሠራ በወለሉ በኩል ይሰማኛል። መልካም። የእርሱ ይሠራል።

ፈርቼ አይደለም የነቃሁት። ቀጥ ብሎ መቀመጥ እንቅልፍ ስለማያመጣ ነው።

ኦክቶበር 10

የነጋ መሰለኝ። ራሴ ከብዶ ደረቴ ላይ ይወድቃል።

ክሌዮ መጣች። ቀለበቷ ጣቷ ላይ የለም። የት ጣልሽው አልኋት። አልመለሰችም።

ምርኩዙ ወድቋል። ቅርብ ነው። ጎንበስ ብል እደርስበታለሁ። ትንሽ ልረፍና

ታች ጥሩምባ ይነፋል። ደጋግሞ። ሠርግ ነው እንዴ

ኦክቶበር 15፣ ማክሰኞ

ረቡዕ ነው፤ ኦክቶበር 16። ሩዝ ገንፎ ያመጡልኝ ሶል አረሙኝ። መምህርት ሳለሁ ተማሪዎቼን ቀን በተሳሳቱ ቁጥር ከክፍል አስወጣ ነበር።

የሆነውን ራሴ አላስታውስም፤ የምጽፈው የነገሩኝን ነው። በዚያ ጠዋት ቴኦ የምርኩዜን ድምፅ ጠበቀ። አልመጣም። ጥሩምባውን ነፋ። አልመለስሁም። ደጋግሞ ነፋ። ከዚያ ዛኪያን በስልክ ጠራት፤ ከሶል ጋር ደረሰች።

«ውጪና እያት» አላት።

«ምንም አያስፈልገኝም ብለዋል። ሳንጠየቅ በሰው ላይ አንገባም፤ ሕጉን ራስህ ነህ ያወጣኸው።»

«ራሴ ነኝ ያወጣሁት። ጣሺው!»

ሊፍቱ ቆሟል። ዛኪያ፣ ዳሌዋ ደረጃ የማይችለው ሴት፣ በእጇና በጉልበቷ ወጣች። ሶልም የቴኦን ተጠባባቂ ባትሪ ተሸክመው ከኋላዋ። ወንበሬ ላይ ተጠምዝዤ፣ ከንፈሬ እንደ ቀለም ብልቃጥ ጠቁሮ አገኙኝ። መሣሪያው እስኪገጠም ድረስ ሶል ጭንብሉን በአፌና በአፍንጫዬ ላይ አድርገው፣ በእጅ የሚጨመቀውን የአየር ከረጢት ይጨምቁልኝ ጀመር። ምቱን የጠበቀላቸው ቴኦ ነው፤ ከታች፣ በስልክ፣ በራሱ መሣሪያ ምት እየቆጠረ፦ «ይጫኑ… ይልቀቁ። ይጫኑ… ይልቀቁ።» ሶል ሲደክሙ ዛኪያ ተካች።

አምቡላንስ ጠርተው ነበር። በዚያ ቀን ከተማው ሁሉ ስለ ጠራው ሲደርስ እኔ መናገር ጀምሬአለሁ። አልሄድም ብዬ ፈረምሁ።

ዛኪያ ከደረጃው ወዲህ ሕመሟ ተነሥቶባት አልጋ ላይ ናት። አላየኋትም። መልእክት ልኬባታለሁ፤ አልመለሰችም። እኔ ባልዋሽ ኖሮ ያን ደረጃ አትወጣም ነበር።

ባልዋሽ ብዬ ጻፍሁ። ልሰርዘው ነበር፤ ተውሁት።

ኦክቶበር 19፣ ቅዳሜ

ጭንብሉን አሁን ቀንም አደርጋለሁ። ራስ ምታቱ ጠፍቷል። ጢሱ ግን አሁንም አለ።

ኦክቶበር 23፣ ረቡዕ

ከባድ ነፋስ ይመጣል፤ መብራት ቅዳሜ ማታ ይጠፋል፣ ከፊተኛውም ይረዝማል ብለዋል።

ዙር። ዛኪያ የቴኦ ሶፋ ላይ ተጋድማ ነበር የምታስኬደው። ፊቷ ከስቷል። ተራዬ ሲደርስ ስሜን አልጠራችም።

«አንድ ነገር ልናገር» አለች። «ሰው ‘ያመኛል’ ሲል የሚያምነው አጥቶ ሲሞት አይቻለሁ። እናቴ እንደዚያ ነው የሞተችው። ይህን ቤት የሠራነው ለዚያ ነው። እርስዎን አመንዎት፣ ሚስ ቬርኔል። ዓይኔ እያየ ከዓይኔ ይልቅ እርስዎን አመንሁ። እምነቴን ገመድ አድርገው አንገትዎ ላይ አሰሩት።»

በሕይወቴ በልጆች ፊት ቆሜ ስለ እውነት ብዙ ሰብኬአለሁ። ከቤተ ክርስቲያኔ የወጣሁትም ሰባኪው በክሌዮ ላይ ሐሰት ስለ ተናገረ ነው። ሐሰተኛ ሲሉኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

«ተራዎ ነው» አለች ዛኪያ።

«ባትሪ ያስፈልገኛል» አልሁ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «የእኔ ሞቷል። ሳልነግራችሁ ቆይቻለሁ። ደግሞም… እፈራለሁ። መታፈንን እፈራለሁ። ከዚያ ይልቅ ደግሞ ያን መጦሪያ እፈራለሁ።»

«አቤት!» አለ ቴኦ። «ምንም የማያስፈልጋት ሎላ ለካ የገና ስጦታ ዝርዝር ነበራት።»

«ቴኦ፣ ዝም በል» አለች ዛኪያ።

«እሺ። የኔን ልናገር።» የቀልድ ድምፁ ጠፋ። «እኔም እፈራለሁ። ሌሊት ቱቦው ቢወልቅ መሣሪያው ይጮሃል፤ ማን ይሰማል? እኔ እጄን አላነሣም። ሆስፒታል ብገባ ደግሞ መጀመሪያ ዊልቸሬን፣ ቀጥሎ ስሜን ነው የሚቀሙኝ፤ በድሮው ስሜ ይጠሩኛል። ጠዋት ጠዋት ምርኩዝሽን ስሰማ፣ ሌሊቱን አለፍሁ እላለሁ። ለመቀስቀስ ይመስልሻል እንዴ? እኔ እኮ ነቅቼ ነው የምጠብቅሽ።»

ይህን አላውቅም ነበር።

ተወያየን። አንዱ የቴኦ ባትሪ ለሁለታችን ይሆናል፤ እኔ ወደ ታች እወርዳለሁ። እኔ ከመሸ ጥቂት ሰዓት በጭንብሉ ልተኛ፣ ቴኦ ነቅቶ ያየኛል፤ ከዚያ እርሱ ይተኛል። ሌላኛው ተጠባባቂ ከሐይቁ ማዶ ላለች ሴት ሄዷል፤ አንድ ባትሪ ደግሞ ሁለታችንን እስከ እሑድ ማታ አያደርሰንም።

«የምትችይውስ፣ ሎላ?» አለ ቴኦ። «ዙሩ እኮ አላለቀም። ደብዳቤ እንዳትይኝ ብቻ።»

አሰብሁ። እግር የለኝም፤ ክንድ የለኝም።

«መፍራት እችላለሁ» አልሁ። «የፈራ ሰው እንቅልፍ አይወስደውም። ሌሊቱን ለእኔ ስጡኝ፤ ቱቦህን እኔ እሰማለሁ።»

ዛኪያ ጻፈችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ትልቅ ባትሪ ያለው ሰው ታውቃላችሁ?» ብላ ጠየቀች።

አውቃለሁ። ዝም አልሁ። ደግሞ ዝም ማለቴን አወቅሁ።

«በወንድሜ ልጅ ቤተ ክርስቲያን አለ» አልሁ።

ኦክቶበር 26፣ ቅዳሜ

ከቀትር በኋላ ደወልሁ። ሁሉም ይሰሙ ነበር፤ ቴኦ ስልኩን ጮክ አድርጌ እንድይዘው ለምኖኝ ነው።

«አክስቴ! ደህና ነሽ? እዚያም ይጠፋል አሉ። የሚያስፈልግሽ ነገር አለ?» መልሱን ሳይጠብቅ ቀጠለ፦ «በይ እንግዲህ፣ ጌታ ይጠብቅሽ…»

«አለ» አልሁት።

«ምን አልሽ?»

«የሚያስፈልገኝ አለ። በሜዳ ስትሰብኩ ድምፅ ማጉያውን የምታሠሩበት ትልቁ ባትሪ። ሞልተህ አምጣልኝ። ያለ እርሱ ነገን አላልፍም፤ አንድ ወጣትም አያልፍም።»

የፈራሁት መጣ።

«እንዲህ ከሆነማ እዚያ መኖር የለብሽም። ያ ቦታ የራሱ ጄኔሬተር አለው። ወረቀቱ እኮ እጄ ላይ ነው፣ ፊርማሽ ብቻ ነው የቀረው።»

«ቦታ አልጠየቅሁህም። ባትሪ ነው የጠየቅሁህ።»

«ያ እኮ የጌታ ዕቃ ነው፣ አክስቴ። ሽማግሌዎቹ ምን ይሉኛል? ለማን ወሰድኸው ቢሉኝ… እነዚያ ሰዎች…»

«ስማቸው ቴኦ፣ ዛኪያና ሶል ነው። ሌላም አለ። ሽቶ ተቀብተህ እንዳትመጣ። ደጃቸው ስታልፍ የምትሰማው ሳል የአንተ ሥራ ነው።»

«እስቲ… እንጸልይበት።»

«ጸልይ። ግን እየነዳህ ጸልይ።»

ዘጋሁ። ቴኦ ሲስቅ ቱቦው ሊወልቅ ደረሰ። ዛኪያ አልሳቀችም፤ እጄን ግን ያዘችኝ። ስልኩ ከእጄ ወድቆ ነበር። ነፋሱ አይደለም።

እንደምደክም አሁን ያውቃል። በገዛ አፌ ሰጠሁት።

ኦክቶበር 27፣ እሑድ

ማታ እንደ ተባለው ጠፋ። ተኛሁ፤ ተነሣሁ፤ ቴኦ ተኛ። አጠገቡ ተቀምጬ የባትሪውን ትንሽ መብራት እያየሁ አደርሁ። ከመንጋቱ በፊት ቱቦው አንድ ጊዜ ላላ፤ መሣሪያው ገና መጮህ ሲጀምር መለስሁት። አልነቃም። ለማንም አልተናገርሁም፤ እዚህ ግን ጻፍሁት፤ ኩራት ከሆነ ይህ አንዱ ይቅርልኝ።

ረፋድ። የባትሪው መብራት አረንጓዴ መሆኑን ትቶ ቢጫ ሆነ። ሃርላን አልደወለም።

ቀትር። በመስኮቱ ሰማዩ ቡናማ ነው። የእኔን መሣሪያ ነቀልሁ፤ ለእርሱ እንዲቆይ። ነቀልሁ ብዬ ለሁሉም ነገርኋቸው፤ ከዛኪያ ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው፣ መንቀልም ቢሆን በዙር። ዛኪያ የአየሩን ከረጢት ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሶል ሌላ ባትሪ ፍለጋ ወጥተዋል።

አምልኮው አብቅቶ ይሆናል።

የባትሪው መብራት ቀይ ሆነ።

«ሎላ፣ እያየሽው ነው?» አለ ቴኦ። ዛሬ አልቀለደም።

«እያየሁት ነው።»

«ዘፈን ታውቂያለሽ? ከረጢቱን መጭመቅ ከጀመራችሁ ምት የሚጠብቅ ያስፈልጋል። እኔ በከረጢቱ እየተነፈስሁ መቁጠር አልችልም።»

«የሥራ ዜማ አንድ አውቃለሁ» አልሁት። ከዚያ ሌሊት ወዲህ በአፌ አንሥቼው አላውቅም። በልቤ ቃሎቹን ፈለግሁ፤ ነበሩ።

ከውጭ መኪና ቆመ። የሶል መኪና ድምፅ አይደለም። በሩ ተዘጋ። ኮቴው ከባድ ነው፤ ዕቃ የያዘ ሰው ኮቴ ይሁን፣ የወፈረ ሰው ኮቴ ይሁን መለየት አልቻልሁም። ወረቀት ከባድ አይደለም። ግን ሃርላን ወፍራም ነው።

ዛኪያ አየችኝ። «ምንም ይዞ ቢገባ ዙሩ ላይ ነን» አለች በሹክሹክታ። «እሱንም እንጠይቀዋለን።»

ኮቴው በኮሪደሩ ቀረበ። ትንፋሼን ይዤ ያን ሽታ ጠበቅሁ፤ ሁልጊዜ ከእርሱ በፊት የሚገባውን። ቴኦም አፍንጫውን ወደ በሩ አነሣ።

በሩ ተንኳኳ።

ምንም አልሸተተኝም።